ከድረ ገጹ ላይ ያነሣሁት ሻማ

አደይ እንዳታለቅስ መጠበቅ ነበር የዚያ ሰሞን ሥራችን። ሽንኩርት እንኳ የሚከተፈው እሷ በሌለችበት ነበር።

አደይ የቤት አከራዬ ናት። እኔ ደሴ ተወልጄ፣ ለዩኒቨርሲቲ ትምህርት መቀሌ መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ሴት ነኝ። ለንግድ ቤቶች ዌብሳይት እሠራለሁ፤ ሓድነት ሰፈር፣ የእሷ ግቢ ውስጥ፣ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን አንቱ ብላት ተቆጣችኝ። "እናትሽን አንቱ ትያታለሽ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እሷ "ጓለይ" ትለኛለች፣ ልጄ ማለቷ ነው፤ እኔም እንደ ልጆቿ "አደይ"፣ እናቴ፣ እላታለሁ።

ሁለት ልጆች ወልዳለች። ትልቋ ሴቷ ናት፣ እዚያው ግቢ ትኖራለች፣ ሰሜን በኩል አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ትንሹ ወንዱ ነው። እሱ ጦርነቱ ሲጀመር ወጥቶ አልተመለሰም። መሞቱን እኅቱ ታውቃለች፣ አጎቶቹ ያውቃሉ፣ ግማሹ ሰፈር ያውቃል። እኔም አውቅ ነበር። ያላወቀችው አደይ ብቻ ናት።

ያልተነገራት በዓይኗ ምክንያት ነው። ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸው ኖሮ፣ ሽማግሌዎች የመርዶውን ቀን ሊቆርጡ ሲሉ ዓይደር ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ተራዋ ደረሰ። ያን ተራ ስንት ጊዜ እንደጠበቀችው እኛ ነን የምናውቀው። እኅትየዋ አጎቶቿ እግር ላይ ወደቀች። "መጀመሪያ ትይ። ማየት ከጀመረች በኋላ ንገሯት" አለቻቸው። ሐኪሙ ደግሞ አንዱን ዓይን ከሠራላት በኋላ አታጎንብሺ፣ ዓይንሽን አትሺ፣ ከባድ አታንሺ፣ አታልቅሺ፣ ጠብታውን በቀን አራት ጊዜ ለስድስት ሳምንት አድርጊ ብሎ ላካት። አደይ ምን ያስለቅሰኛል ብላ ሳቀች። እኅትየዋ ከኋላዋ ቆማ ነበር፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ስድስት ሳምንት ብቻ" አለችኝ እኅትየዋ ማታ እጄን ይዛ። "ከዚያ በወጉ ይነገራታል። ማለዳ፣ ዘመድ ጎረቤቱ ደጅ ላይ ተሰብስቦ፣ የሚደግፋት ሰው በግራ በቀኟ ሆኖ። እስከዚያ አደራሽን።"

አደራ አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ።

እሺ ማለት ቀላል ነው። አደይ ስለ ልጇ ሳታወራ የምትውልበት ቀን የለም። ጃኬቱን ከሳጥን አውጥታ ፀሐይ ታስመታለች፣ መልሳ ታጥፋለች። "ዓይኔ የበራው እሱን እንዳይበት ነው" ትላለች። "አሜን" እላለሁ እኔ፣ ምን ልበል! አላህ ይቅር ይበለኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ሰሞን የዋሸሁበት ጊዜ የለም።

ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አንድ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ስምንት ጎረምሶች ኳስ ሜዳ ላይ ተቃቅፈው የተነሡት ነው፣ ፀሐይ አደብዝዞታል። ከግራ ሦስተኛው የአደይ ልጅ ነው ይሉኛል፤ ፊቱ የአውራ ጣቴን ጥፍር አያክልም። አደይ ዓይኗ ከተጋረደ ወዲህ ያን ፎቶ የምታየው በመዳፏ ነበር፣ መስታወቱን ዳበስ አድርጋ ታልፋለች። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እኅትየዋ ፎቶውን አወረደችው። ፍሬሙ ተሰንጥቋል፣ ላሠራው አለች። አደይ በማግስቱ ስታልፍ እጇ ባዶ ግድግዳ አገኘ። "ወደይ የት ሄደ?" አለች። ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው።

አንድ የፎቶ ቤት ባለቤት የጠሩኝ በዚያው ሰሞን ነበር።

ጋሼ ነው የምላቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽሬ የት ገባ እያሉ የሚፈልጉ፣ እጃቸው ሁልጊዜ የቀለም ሽታ ያለው ሰው ናቸው። ዕቃቸው በጦርነቱ ተዘርፎ አንዲት የማተሚያ ማሽን ብቻ ተርፋላቸው፣ በእሷ ሀ ብለው ጀምረዋል። ዌብሳይት አሠራለሁ ብለው በስልካቸው ራሳቸው ያዘጋጁትን ንድፍ አሳዩኝ። ወላሂ፣ ሳቄን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። በአንዱ ጥግ ጽጌረዳ፣ በሌላው ጥግ ርግቦች፣ መሐል ላይ እሳቸው እስክርቢቶ ይዘው፣ ከሥር በሰባት ቀለም የሚብለጨለጭ "እንኳን ደህና መጡ"፣ ገጹ ገና ሲከፈት ደግሞ ሳይነኩት የሚጮህ ክራር። ከኋላ ነጭ ቬሎ የለበሰች ፈረንጅ ሙሽራ ባሕር ዳርቻ ላይ ትሮጣለች።

"ስልክ ቁጥርዎስ?" አልኳቸው።

"ሰው ያውቀኛል" አሉኝ።

"የሚያውቅዎትማ ዌብሳይት ምን ያደርግለታል? እግሩን አንሥቶ ይመጣል እኮ!"

ሥራ ላይ ምላሴ አያድርስ ነው። ያን ቀን ቆሜ አስተማርኳቸው። ሰው ገጹን ሲከፍት ዓይኑን ጨፍኖ እስኪገልጥ ባለው ጊዜ ሦስት ነገር ማወቅ አለበት አልኳቸው፤ የማን ቤት ነው፣ ምን ይሠራበታል፣ እንዴት አገኛቸዋለሁ። ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት አንድ ነገር ይኑር፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ ኋላ ይቁም። ሁሉም ነገር እኔን እዩኝ እያለ ከጮኸ ማንም አይሰማም። ኔትወርኩን ያውቁታል፣ ርግብዎ ክንፏን እስክታራግብ ደንበኛው ሰልችቶት ይሄዳል። ስልክ ቁጥሩ ከላይ ይሁን፣ ትልቅ ይሁን፣ ሲነኩት ይደውል። ባዶ ቦታ አያስፈራዎት፣ ባዶ ቦታ ለዓይን ማረፊያ ነው። ክራሩን ደግሞ ለአላህ ብለው ያጥፉልኝ።

ክራሩ ላይ ትንሽ ተከራከሩኝ። ከዚያ ተዉት።

"ይቺ ሙሽራ ማን ናት?" አልኳቸው።

"እኔ እንጃ። ከኢንተርኔት ነው ያወረድኳት፣ ታምራለች።"

"የመቀሌ ሰው የመቀሌን ፊት ማየት ነው የሚፈልገው። የራስዎን ሥራ ያሳዩ።"

ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። "የእኔ ሥራ አሁን ሰርግ አይደለም ልጄ" አሉኝ።

አወቅሁት። መቀሌ ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ቤተሰብ የሞተበትን ልጅ ፎቶ ይዞ ይመጣል፣ ያለውን ነው የሚያመጣው። አንዱ የተጨማደደ መታወቂያ፣ አንዷ ከሰው ሰርግ ጥግ ላይ የተቆረጠች፣ ሌላው በስልክ የተነሣ ግማሹ የጨለመ። ጋሼ ፊቱን በኮምፒውተር አውጥተው፣ አጽድተው፣ ጠባሳና ጥላውን አንሥተው፣ አካል ይሠሩለታል። ሱፍ ያለብሱታል። ሦስት ሱፎች አሏቸው፣ ጥቁር፣ ሰማያዊና ግራጫ፣ ክራባታቸው አንድ ነው። የዚያ ሰፈር ሟች ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ለብሶ ትልቅ ፍሬም ውስጥ ገብቶ ነው ቤቱ የሚመለሰው። ዌብሳይቱንም የፈለጉት ለዚህ ነበር፤ ከከተማ ውጭ ያለ ዘመድ ፎቶውን ልኮ እንዲያሠራ።

"ታዲያ ይህንን ነዋ የምናሳየው!" አልኳቸው። "ከዚህ የበለጠ ምን ሥራ አለ?"

"የሰው ናቸው እኮ።"

"ስም የለባቸውም፣ አድራሻ የለባቸውም። ያማረ ፊት ብቻ ነው የሚታየው።"

ስሙ የሚጻፈው ቤተሰቡ ሊወስድ ሲመጣ ነው፤ ስለዚህ እውነትም አንዱም ላይ ስም አልነበረም። ቤተሰቦቹን እንጠይቅ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ያን ጊዜ በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው ገጹ ብቻ ነው፣ እንዴት እንደሚያምርልኝ።

ያለቁትን ሥራዎች በፍላሽ ገለበጡልኝ። ዋናዎቹን ፎቶዎች ግን አላሳዩኝም፣ የሰው አደራ ነው ብለው። ክፍሌ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። አንዱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ግራጫ ሱፍ የለበሰ ወጣት ነው፣ ቀጥ ብሎ ያየኛል፣ ከንፈሩ ጥግ ላይ ሰው ሊያበሽቅ የተዘጋጀ ፈገግታ አለ። ይኼ ነው አልኩ፣ እጄን አጨበጨብኩ ሁሉ። የሚያይህ ፊት ይይዝሃል፤ ገጽ ስትሠራ መጀመሪያ የምትፈልገው እንደዚህ ያለ ዓይን ነው። ሌሎቹ የመረጥኳቸው ጥቁርና ሰማያዊ ስለለበሱ ግራጫውን ፊት ላይ ባደርገው ይለያል ብዬም አሰብኩ። እንዲህ ነው የመረጥኩት፣ በሱፉ ቀለም።

"እሱን አገኘሽው?" አሉኝ ጋሼ በማግስቱ። "እሱን ለማውጣት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ፊቱ ጥፍሬን አያክልም ነበር።"

ይህን ሰምቼ ነቃ አላልኩም። ስንት ሰው ነው ጥፍር የሚያክል ፊት ይዞ የሚመጣ!

አንድ ነገር ብቻ አልጣመኝም። ሁሉም ፎቶ በስተቀኝ ከታች የሚነድ ሻማ ተደርጎበታል፣ በጥጉ ደግሞ ጥቁር ሪባን። ገጹ ላይ ስደረድራቸው ስድስት ሻማ፣ ስድስት ሪባን ሆነ፣ ዓይን ይበታትናል። ቆርጬ አነሣኋቸው። ከኋላ የነበረውን ጥቁር ደመናም ወደ ነጣ ያለ ግራጫ ለወጥኩት። ሳሳያቸው ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ሻማውን ለምን አጠፋሽው?"

"ገጹ ይጨልማል ጋሼ። ሰው ገና ሲከፍተው ለቅሶ ቤት የገባ እንዲመስለው አይፈለግም። ንጹሕ ይሁን።"

"ሻማው ለጌጥ አይደለም እኮ ልጄ። የሚያይ ሰው እንዲያውቅ ነው።"

"ምኑን እንዲያውቅ? ፊቱ ይበቃል!"

ፊቱ ይበቃል አልኩ። ይቺ ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለች። ጋሼ አልተከራከሩኝም፣ አንቺ ነሽ የተማርሽው አሉና ወደ ማሽናቸው ዞሩ። በክራሩ የተከራከሩኝን ያህል እንኳ በሻማው በተከራከሩኝ!

ቤት ደግሞ አደይ ማየት ጀምራ ነበር። ጥቁር መነጽር አድርጋ ግቢውን እየዞረች ያላየችውን ሁሉ ታያለች። መደርደሪያው ላይ ያለውን አቧራ አይታ ሁለታችንም ላይ ወረደችብን። በሩ ቀለሙ መቀየሩን ያየችው ያን ጊዜ ነው። እኔን ደግሞ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በድምፄ ብቻ ነበር የምታውቀኝ። "ለካስ አፍንጫሽ ትልቅ ነው" አለችኝ። "ወይ አደይ! ይኼን ለማየት ነው የተሠራሽው?" አልኳት። ሳቀች። እኅትየዋም ሳቀች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። አምስት ሳምንት አልፎ ስድስተኛው ገባ። አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የቀረን። አጎቶቹ ቀኑን ቆርጠዋል፣ ሰፈሩ ተነግሮታል፣ ወንበርና ድንኳን ተነጋግረው ጨርሰዋል። ሲያልፉ ሲያገድሙ አደይን ሲያገኟት ዓይናቸውን ወደ መሬት ይሰብራሉ። እሷ ደግሞ ማየት ጀምራለች፣ አንድ በአንድ ታያቸዋለች።

ዌብሳይቱ ያለቀው በዚያ ሳምንት ቅዳሜ ነው። እኔ አንድ ልማድ አለኝ፣ ማንኛውንም ገጽ ከማስረከቤ በፊት ምንም ለማያውቅ ሰው እሰጠዋለሁ። አላግዘውም። ምን ታያለህ፣ ምን ትነካለህ ብዬ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ኮምፒውተር የተማረ ሰው አይጠቅመኝም፣ እሱ ጠፍቶበትም ያገኘዋል። የምፈልገው አዲስ ዓይን ነው። አደይ ደግሞ ከዚያች ከተማ ሁሉ የበለጠ አዲስ ዓይን ነበራት።

ከሰዓት በኋላ ነው። እኅትየዋ ጠብታው አልቆ ልትገዛ በባጃጅ ዓይደር ሄዳለች። አደይ ደጃፏ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጣለች። ስልኬን ከፍቼ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። የስልኬ የጆሮ ማዳመጫ ከተበላሸ ቆይቷል፣ በስፒከር ብቻ ነው የሚሠራው።

"ይኼ የአንድ ፎቶ ቤት ነው" አልኳት። "ምንም አልነግርሽም። መጀመሪያ ምን ታይኛለሽ?"

ገጹ ቶሎ ተከፈተ። ቀላል አድርጌ ነው የሠራሁት። ስልኩን ከፊቷ አራቀች፣ አቀረበች፣ ጥቁር መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። አፏ ተከፈተ።

"ወደይ" አለች።

አልገባኝም። "ምን አልሽ አደይ?"

"ወደይ ነው! ልጄ ነው እኮ!"

ስልኩን ወደ እኔ አዞረችው። ግራጫ ሱፍ። ሊያበሽቅ የተዘጋጀው ፈገግታ። ያን ጊዜ ነው ኳስ ሜዳው የመጣልኝ፣ ስምንቱ ጎረምሶች፣ ከግራ ሦስተኛው። ሁለት ዓመት በሙሉ በዚያ ግድግዳ አጠገብ አልፌያለሁ። በዓይኔ የምተዳደር ሴት ነኝ፣ ሳምንት ሙሉ ያንን ፊት ሳስጠጋ ሳርቅ፣ ሳጎላ ሳደበዝዝ ከርሜ አላወቅሁትም። እሷ በአንድ ዓይኗ በአንዴ አወቀችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

አለቀ፣ አሁን ትጮኻለች፣ ዓይኗ ጠፋ አልኩ። እጆቼን ዘረጋሁ ልይዛት። አደይ ግን አልጮኸችም። ሳቀች። ተነሥታ ቆመች፣ አማተበች፣ ስልኩን ሳመችው።

"ሱፍ ለብሷል! እይው እስቲ፣ ማን ገዛለት? ወፍሯልም። መጥቷል ማለት ነው፣ እዚሁ ከተማ ነው ያለው! ፎቶ ቤት ገብቶ ተነሥቷል! ለምን ቤቱ አልመጣም? አፍሮ ነው። ትቶኝ በመውጣቱ አፍሮ ነው። ወይ ሞኙ ልጄ፣ ማን ይቆጣሃል?"

ሻማው ቢኖር ይህን አትልም ነበር። ሪባኑ ቢኖር ከነሐዘኗ ይገባት ነበር። እኔ ነኝ ያነሣሁት። ገጹ እንዳይጨልም ብዬ፣ ልጇን በእኔ እጅ ከሞት አስነሥቼ ከተማ ውስጥ አስገባሁላት። አሁን ምን ልበል? አይደለም ልበላት? አይደለም ካልኩ ለምን ትለኛለች። ነው ልበላት? ቆሜ "አደይ፣ አደይ" ብቻ እላለሁ።

"የት ነው ቤቱ? ቅርብ ነው? ውሰጂኝ!" ወዲያው ደግሞ ዓይኗ ከፎቶው ሥር ወረደ። እዚያ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፣ የስልክ ሥዕል ያለበት፣ "ይደውሉ" የሚል። ያንን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ነው ያተለቅኩት፣ ማንም እንዳይስተው ብዬ። አደይ አልሳተችውም። ያለ ማንም ረዳት፣ በአውራ ጣቷ ነካችው።

ስልኩን ልቀማት ዘለልኩ። ጀርባዋን ሰጠችኝ፣ ሕፃን እንዳቀፈ ሰው። ብታገላት ትወድቃለች፣ ዓይኗ ይመታል ብዬ ፈራሁ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራና ጋሼ አነሡ። ቁጥሩ የእኔ ስለሆነ እኔ መስያቸዋለሁ።

"እሺ ልጄ፣ ይሠራል?" አሉ እየሳቁ።

ከዚህ በኋላ የተነጋገሩት በትግርኛ ነው፣ እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

"ወንድሜ፣ እኔ እናቱ ነኝ" አለች አደይ።

"የማን እናት?"

"የዚህ የልጁ። ግራጫ ሱፍ የለበሰው፣ መጀመሪያ ላይ ያለው። መቼ ነው እናንተ ዘንድ መጥቶ የተነሣው? ወዴት እሄዳለሁ አላችሁ?"

ከጋሼ ኋላ የማተሚያዋ ማሽን ስትንኳኳ ይሰማል። ከዚያ የማሽኗም ድምፅ ቆመ፣ አጥፍተዋት ይሆናል። እኔ ከአደይ ጀርባ ቆሜ ስልኩን በዓይኔ እየለመንኩት ነው። ይዋሹ። ተሳስተዋል እናቴ፣ ሌላ ልጅ ነው ይበሉ። ጋሼ ግን መርዶ በስልክ እንደማይነገር የሚያውቁ፣ ውሸት ደግሞ የማያውቁበት ሰው ናቸው።

"እናቴ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አጠገብዎ ሰው አለ?"

"ተከራዬ አለች።"

"ከእሷ ሌላ? ወንድምዎ፣ ጎረቤት፣ የሚይዝዎ ሰው?"

አደይ የመቀሌ እናት ናት፣ ይህ ጥያቄ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስረዳትም። ሳቋ ከፊቷ ላይ እንዴት እንደወረደ አይቻለሁ። ወንበሯን በእጇ ፈልጋ፣ ልክ ዓይኗ ተጋርዶ በነበረ ጊዜ እንደምታደርገው፣ ዳብሳ ተቀመጠች። ስልኩን ጉልበቷ ላይ አኖረችው። ጋሼ ከውስጡ "እናቴ፣ ይሰማዎታል? እናቴ" ይላሉ። ብዙ ጊዜ ጠሯት። ከዚያ ተዘጋ፣ ሲዘጋ ገጹ ተመልሶ መጣ፣ እሱም ተመልሶ መጣ።

"አንቺም ታውቂ ነበር?" አለችኝ። ወደ አማርኛ ተመልሳ።

ተንበርክኬ እግሯን ያዝኩ። "አውቅ ነበር አደይ። ፎቶው የእሱ መሆኑን ግን፣ ወላሂ..."

"ጃኬቱን ሳወጣ አሜን ትይ ነበር።"

"አዎ።"

"ሱፉስ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም። በኮምፒውተር ነው የለበሰው።"

ፎቶውን እንደገና አየችው። በጣቷ ሱፉን ሸፈነችና ፊቱን ብቻ አስቀረች። ከዚያ እንባዋ ሲመጣ ሐኪሙ ያስተማራትን አደረገች፣ ራሷን ወደ ኋላ ጣለች፣ ጠብታ እንደምትቀበል ሰው ዓይኗን ወደ ሰማይ አድርጋ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አላሸችውም። እንባው በጆሮዋ በኩል ወደ አንገቷ ወረደ። እኔ ነኝ ድምፅ አውጥቼ ያለቀስኩት፣ አፈር ልብላና።

የግቢው በር ሲከፈት እንደዚያው ነበርን። እኅትየዋ አዲሱን ጠብታ በትንሽ ወረቀት ጠቅልላ ይዛ ገባች። እኔን መሬት ላይ አየች፣ ስልኩን እናቷ ጉልበት ላይ አየች፣ ስልኩ ላይ ወንድሟን አየች። ያን ፎቶ ለመርዶው ቀን በድብቅ ያዘዘችው እሷ ናት። የት እንዳሠራችው ለእኔ አልነገረችኝም፣ እኔም የማንን ቤት እንደምሠራ አልነገርኳት። በሩ ሥር ድርቅ ብላ ቀረች።

አደይ ራሷን ቀና አደረገች። ጥቁር መነጽሯን ከግንባሯ ላይ አውልቃ አጠፈች፣ ልጇንም በቀጥታ አየቻት።

"ጠብታውን አስቀምጪው" አለቻት። "ዓይኔ ድኗል። አሁን ንገሪኝ።"